ሁለቱ የድሬዳዋ ነጋድራሶች

በ1879 ዓ.ም. ገደማ አንድ የዘጌ ልጅ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር ባሕር ተሻግሮ ጣሊያን ገባ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይባላል፤ ዕድሜው 19 ዓመት ቢሆን ነው። በጣና ዳር የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሯል፤ ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ዝምድና ይቆጥራል፤ ከሁሉም በላይ ግን ሥዕል ይሆንለታል። ምኒልክ የላኩትም ይህንኑ አይተው ነበር። ቱሪን በሚገኘው የአልቤርቲና አካዳሚ የፈረንጅ አሣሣል ተምሮ ሲመለስ እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንዲያስጌጥ ታዘዘ። ከእቴጌይቱ ጋር ግን ብዙም ሳይቆይ ተቃቃረ።

ይህ ልጅ ትቶት የሄደው አገር የጥበብን ሥራ መመዘን የማያውቅ አገር አልነበረም። ቅኔ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። ተማሪው ብቻውን ወደ ዱሩ ወይም ወደ ቅጥሩ ጥግ ይወጣና ቅኔ ሲቆጥር ይቆያል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። የኔታ አቀርቅረው ያዳምጣሉ። ቤቱ ካልመታ፣ ቀለሙ ከዜማው ልክ ካለፈ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ እዚያው ላይ ያቆሙታል። አንዳንዴ አንዲት ቃል ብቻ ነቅለው በሌላ ይተኩለታል፤ ቅኔው ያን ጊዜ ነፍስ ይዘራል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይሉ እንደገና እንዲቆጥር ይመልሱታል፤ ተማሪውም ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ጓደኞቹ ዙሪያውን ሆነው ይሰማሉ፤ የአንዱ እርማት የሁሉም ትምህርት ነው። ጉባኤ ቃናውን ሳያቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ መወድስ የሚሻገር የለም።

እርማቱ ግን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። መምህር ተማሪን ያርማል። እኩያ እኩያውን፣ ያውም ፊት ለፊት ሳይገናኙ፣ ማንም ገዝቶ ሊያነበው በሚችል ወረቀት ላይ የሚተችበት ልማድ ገና አልተወለደም። ለዚያ ማተሚያ ቤት ያስፈልጋል፤ ለሥራው የሚቆረቆርና ለመናገር የማይፈራ ሰውም ያስፈልጋል።

ያ ሰው አፈወርቅ አውሮፓን ባየበት ሰሞን ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል፤ በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ሻለቃ ባይከዳኝ የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሡ መተማ ላይ ሲወድቁ እሳቸውም አብረው ወደቁ። ገብረ ሕይወት ምፅዋ አቅራቢያ በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ውስጥ ሲማር ከጓደኞቹ ጋር አንዲት የጀርመን መርከብ ላይ ወጣ፤ ተደብቆም ቀረ። ካፒቴኑ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው። ቤተሰቡ እንደ ልጅ አሳደገው፤ ጀርመንኛ አፉን ፈታበት ማለት ይቻላል፤ በርሊን ገብቶም ሕክምና ተማረ። አማርኛን እንደ አዲስ የለመደው አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። አፈወርቅ በቤተ መንግሥት ዝምድና፣ ገብረ ሕይወት በመርከብ ድብብቆሽ ወጡ እንጂ ሁለቱም አገራቸውን ከውጭ ሆነው የማየት ዕድልና መከራ ገጠማቸው።

በዚህ መሀል ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ላይ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱን ዳገቱን ሽቅብ አውጥቶ ሐረር ማስገባት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ፤ ስለዚህ ጣቢያው ሜዳው ላይ ቀረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች፤ በኋላ ግን የቀደመው ስሟ ድሬዳዋ አሸነፈ። ባቡር ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ አንድ ወገን መንገዱን በገመድ ለክቶ ዛፍ ተክሎ ከዚራን ሠራ፤ ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ መጋላ በገበያተኛው ልክ እንደ ፈቀደው አደገ። ኩባንያው ከስሮ ሥራው ስለተጓጎለ ባቡሩ ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ 1909 ዓ.ም. ሆነ። እስከዚያው ቡናና ቆዳ የጫነ ግመልና በቅሎ ድሬዳዋ ላይ ያራግፋል፤ አቡጀዴውና ሌላው የፋብሪካ ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ ድሬዳዋ ላይ ይጫናል። ስለዚህ የድሬዳዋ ጉምሩክ የአገሪቱ ዋና በር ሆነ። በሩ ላይ የሚቀመጠው ሹም፣ ነጋድራሱ፣ ቀረጥ ይሰበስባል፣ ነጋዴና ነጋዴ ሲጣላም ይዳኛል።

ባቡሩ የሚያመጣው አቡጀዴ ብቻ አልነበረም። የካፑቺን ሚሲዮናውያን ሐረር ላይ በለምጻሞች መጠለያቸው ያቋቋሙት የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በ1897 ዓ.ም. ገደማ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማሳተም ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ፊደል የሚለቅም ሠራተኛና የእርሳስ ሆሄ በዚች ከተማ መኖራቸው ለጊዜው ለአማርኛ ጸሐፊዎች ብዙም አልጠቀማቸውም። እነሱ አሁንም የሚያሳትሙት ባሕር ማዶ ነው።

አፈወርቅ በ1880ዎቹ አጋማሽ ለሁለተኛ ጊዜ ተልከው ስዊዘርላንድ ገቡ። የዓድዋ ጦርነት ሲመጣ ግን ወደ ጣሊያን ተሻገሩ፤ ይህን ማንም አልረሳላቸውም። ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ፣ ጣሊያናዊት አገቡ፣ የሰዋስው መጻሕፍት ጻፉ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ልብ ወለድ ታሪክን አሳተሙ፤ ኋላ ጦቢያ በሚል ስም የታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ይኸው ነው። በዚያው ሰሞን ለአውሮፓውያን መንገደኞች የአማርኛና የፈረንሳይኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ አወጡ። ይህን መጽሐፍ የገለጠ ሰው «እንደምን ዋላችሁ»ንና «ውሃ አምጡ»ን ይጠብቃል። በመነጋገሪያው ውስጥ ተሸሽጎ የሚያገኘው ግን ገበሬው በወታደር እንዴት እንደሚበላ፣ አስተዳደሩ እንዴት እንደ ተበላሸ የሚናገር ብርቱ ወቀሳ ነው። አገሩን ለመውቀስ የውጭ መንገደኛን አፍ የተዋሰ ጸሐፊ ከዚያ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

በዓመቱ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ የተሰኘውን የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ አሳተሙ። እዚህ ላይ ብዕራቸው ሌላ ሰው ሆነ። ምኒልክ እንደ ፀሐይ ይወጣሉ፤ እንዲያበሩም ከፊታቸው የነበሩት ቴዎድሮስና ዮሐንስ መጨለም አለባቸው። ንጉሡን አስቀይሞ በስደት የኖረ ሰው መታረቂያ ስጦታ ማቅረቡ ነበር የሚሉ አሉ፤ ለማለትም ይመቻል። መጽሐፉን ግን ዛሬም ጀምሮ መተው ይከብዳል። ዓረፍተ ነገሮቹ እንደ ዘጌ ቡና ይሸታሉ፤ አንድን ነገር በአንድ ቃል መናገር ሲችሉ በሦስት ቃል፣ ሦስቱም በየራሳቸው ጣዕም፣ ይናገሩታል። አንባቢ በቋንቋው ተስቦ ይሄድና ፍርዱን ሳያስተውል አብሮ ይፈርዳል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ይህን አደጋ ያዩት ገብረ ሕይወት ነበሩ። ከውጭ ተመልሰው በምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነት ሠርተው ነበር። ንጉሡ ታመው በአልጋ ከዋሉ በኋላ ቤተ መንግሥቱ በሹክሹክታና በጥርጣሬ ሲታመስ ግን ከአገር ወጡ። በሱዳን አልፈው፣ ታመው፣ ኤርትራ ገቡ። በ1904 ዓ.ም. አስመራ ላይ፣ ብርሃን ይሁን በተባለው ኅትመት ውስጥ፣ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው ወጣ። ምኒልክ ገና በሕይወት አሉ፤ ሥልጣኑ ግን በልጅ ኢያሱ እጅ ነው።

ጽሑፉ ወደ ምኒልክ ከመግባቱ በፊት የአፈወርቅን መጽሐፍ ያነሣል። እስከማውቀው ድረስ በአማርኛ ስሙ የተጠራ ጸሐፊ የታተመ ሥራ በሌላ ጸሐፊ በኅትመት ሲመዘን ከቀደሙት አንዱ ይኼ ነው። የሚያስገርመው ግን ቀዳሚነቱ ሳይሆን አካሄዱ ነው። ገብረ ሕይወት «መጽሐፉ መጥፎ ነው» ብለው አልጀመሩም። መጀመሪያ መለኪያውን አስቀመጡ። ታሪክ መጻፍ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሦስት ተሰጥዎ ይጠይቃል አሉ፦ ያለፈውን ነገር የሚያስተውል ልቦና፣ በተደረገው ላይ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያስተዋለውንና የፈረደውን ለሌላ የሚያስተላልፍ የጠራ ቋንቋ። ከዚያ በኋላ ነው አፈወርቅን በሚዛኑ ላይ ያስቀመጧቸው። ሦስተኛውን ለአፈወርቅ የሚነፍግ አንባቢ አይገኝም። የጎደለው ሁለተኛው ነው። አንዱን ንጉሥ እስከ ሰማይ ማንሣት፣ ሌላውን እስከ መሬት መጣል ፍርድ አይባልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። ፈራጁ ራሱ ባለጉዳይ ነበር። አፈወርቅ ያጨለሟቸው ዮሐንስ የገብረ ሕይወት አባት የሞቱላቸው ንጉሥ ናቸው። ተቃዋሚ ቢኖር «አባትህን ነው የምትበቀለው» ለማለት አይቸገርም ነበር። እንዲህ ያለ ክስ በኛ አገር ሂስን ዝም ለማሰኘት ሲሠራ የኖረ ብልኃት ነው፤ የተባለውን ትቶ የተናጋሪውን ዘር መቁጠር። ገብረ ሕይወት ግን ቁስላቸው ሚዛኑን እንዳያዛባው መውጫ አበጁለት። የሌላውን መጽሐፍ ነቅፈው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ እዚያው ላይ የቴዎድሮስን፣ የዮሐንስንና የምኒልክን ዘመን ራሳቸው ጻፉት። ለአፈወርቅ ያስቀመጡትን ሚዛን ለራሳቸውም ተገዙበት። አንባቢ አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር ይችላል።

ከዚያም አለፉ። ምኒልክን ሲነቅፉ ነቀፋውን በመፍትሔ ዘጉት። ለልጅ ኢያሱ መንግሥት የማሻሻያ አሳብ ዘረዘሩ፦ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፤ ግብር በውል ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፤ ሹሙም ወታደሩም ደመወዝ ይቆረጥለት፤ ሕግ ተጽፎ ይውጣ፤ ትምህርት ይስፋፋ፤ ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ፤ የጉምሩክ ቀረጥ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ጃፓን ራሷን በምን ፍጥነት እንደ ለወጠች የተመለከተ ሰው አሳብ ነው። አማርኛቸው እንደ አፈወርቅ አያብብም። ደረቅ ነው፤ አንዳንድ ቦታም በጀርመንኛ ታስቦ በአማርኛ የተጻፈ ይመስላል። ግን ምን እንደሚል አይጠፋም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለተረት የቀረበ ነው። እንዲህ አድርጎ መንግሥትን የነቀፈ ጸሐፊ እስር ቢጠብቀው ማንም አይደነቅም ነበር። ገብረ ሕይወት ግን አገራቸው ተመልሰው ሹመት አገኙ፤ የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆኑ፣ በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታትም የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ። ቀረጥ አንድ ዓይነት ይሁን ብሎ የጻፈ ሰው ቀረጡ ከሚሰበሰብበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ያለ ሰው ትልቅ ትምህርት ቤት ነበረች። ጠዋት ጉምሩኩ በር ላይ የቆመ ሰው የአገሩን ኢኮኖሚ በዓይኑ ያየዋል። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ፉርጎ ገበሬና አርብቶ አደር ያፈሩትን ጥሬ ዕቃ፣ ቡናውንና ቆዳውን፣ ይጭናል። ከጅቡቲ የሚወጣው የሰው እጅና መኪና የለፋበትን ዕቃ ይጭናል። በልውውጡ ማን እንደሚያተርፍ ለማወቅ መዝገቡን መግለጥ አያስፈልግም። የገብረ ሕይወት ሁለተኛ ሥራ፣ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር፣ ከሚያነሣቸው ዋና ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ ሁልጊዜ እንደሚጎዳ ያስረዳል። ገብረ ሕይወት ይህን መጽሐፍ ታትሞ አላዩትም። በ1911 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ፣ ዕድሜያቸው 33 ዓመት ሊሞላ ሲል፣ አረፉ።

ከሞታቸው ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዓይነት ሂስ መድረክ ወጣ። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ኋላ የጨርጨር ገዥ የሆኑት፣ ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ጽፈው መኳንንቱ በተሰበሰቡበት አሳዩ። አውሬዎቹ ማንን እንደሚመስሉ ለመለየት ብዙ ብልኃት አልጠየቀም። ንግሥት ዘውዲቱ ጨዋታው በመንግሥታቸው ላይ መሆኑ ገባቸው፤ ተውኔቱ ታገደ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። የገብረ ሕይወት በስም የተጠራ ቀጥተኛ ነቀፋ ሹመት አስገኘ፤ የተክለ ሐዋርያት በተረት የተሸፈነ ነቀፋ እገዳ አስከተለ። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ይመስለኛል። መጽሐፉን ብቻውን ተቀምጦ የሚያነብ ጥቂት ሰው ነው፤ በተውኔቱ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ ይስቃል። ሹም ነቀፋን ይችል ይሆናል፤ ሳቅን ግን አይችልም።

አፈወርቅ በዚህ ጊዜ አገራቸው ገብተዋል። በልጅ ኢያሱ ዘመን ታርቀው ተመልሰው ነበር፤ ራስ ተፈሪ ሲነሡም የተማረ ሰው ፈላጊ ነበሩና ሥራ አላጡም። በ1910ዎቹ አጋማሽ የተሰጣቸው ሹመት የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊነት ነበር። ተቺያቸው በተቀመጡበት ወንበር ነጋድራስ አፈወርቅ ተቀመጡ። ማዕረጉም አንድ ነው፤ ዛሬ ስማቸው ሲነሣ ሁለቱም ነጋድራስ ተብለው ይጠራሉ። ያን የመንገደኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ የጻፉት ሰው እውነተኛዎቹ መንገደኞች ከባቡር በሚወርዱበት ከተማ ሹም ሆኑ።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ የገብረ ሕይወትን መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በማተሚያ ቤታቸው አሳተሙ። አፈወርቅ የድሬዳዋ ሹም በነበሩበት ሰሞን የቀድሞው የድሬዳዋ ሹም መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ወጣ ማለት ነው። ለተጻፈበት ነገር ከዚህ የበለጠ ምቹ ጊዜ አልነበረም፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1917 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ጀመረ። የተማሩ ወጣቶች ስለ ግብር፣ ስለ ባርነት፣ ስለ ትምህርት የሚጽፉበት ወረቀት አገኙ። አሁን ለመተቸት ሮም ወይም አስመራ መሄድ አያስፈልግም። በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ጋዜጣ ላይ አልጋ ወራሹን መንቀፍ እስከየት ድረስ እንደሚቻል ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ ራሱ መገመት ነበረበት።

አፈወርቅ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በኋላም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆኑ። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር የቆሙበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ለወራሪው አደሩ፣ አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። ከነፃነት በኋላ ጅማ ላይ በግዞት ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ መስከረም 1940 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ። ይህን ፍጻሜ ይዘው ወደ 1904ቱ ክርክር የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው፤ ገብረ ሕይወት ገና ያኔ ሰውዬውን አውቀውት ነበር ይላሉ። እኔ አልስማማም። ገብረ ሕይወት የመዘኑት መጽሐፍ ነበር፤ ሰውዬው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የሚሠራውን ሊያውቁ አይችሉም። ሂሳቸው የሚከበረውም ስለዚህ ነው፤ አፈወርቅ አርበኛ ሆነው ቢሞቱም ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የተባለው ያው እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። በተቃራኒውም፣ በባንዳነት የሞተ ሰው የጻፈው ጦቢያ የአማርኛ ልብ ወለድ አባትነቱን አላጣም፤ ትውልድ ሁሉ ከዚያ ጀምሮ ይማራል።

አፈወርቅ ከሞቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ድሬዳዋ የወጣቶችና የሙዚቃ ከተማ እየሆነች ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የከተማዋ ልጆች አፍረን ቀሎ የተባለ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። መድረካቸው ሰርግ ነበር። የሰርግ አድማጭ ደግሞ የማያዳላ ተቺ ነው፤ ዘፈኑ ካልጣመው ተነሥቶ አይጨፍርም፣ ከጣመው ድገሙት ይላል። ከለገሃሬ ሰፈር የመጣው አሊ መሐመድ ሙሳ ቡድኑን ሲቀላቀል ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ የመጀመሪያ ዘፈኑ «ቢራ» የምትል ቃል ነበረባትና ሰዉ አሊ ቢራ አለው፤ ስሙም ሆኖ ቀረ። መንግሥት ግን በ1957 ዓ.ም. ገደማ ቡድኑን አገደ። በኦሮምኛ መዝፈኑ ራሱ ጥፋት ሆኖ ታየ። ከፋቡላ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል፤ መልስ ከመስጠት ማገድ አሁንም ይቀል ነበር። አሊ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በኦሮምኛ የመጀመሪያ የሆነውን አልበም አወጣ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው ድሬዳዋ ነው።

ከድሬዳዋ ጋራውን ሽቅብ ሲወጡ በምትገኘው ሐረር የተወለደው ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የገጠመው ሂስ ደግሞ የባለሥልጣን አልነበረም። አባቱ አለቃ ደስታ ነጐ የብራና ጽሑፍና የሐረግ ባለሙያ ነበሩ። ልጁ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። በ1955 ዓ.ም. ሥራዎቹን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ «ይህ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤ ኢትዮጵያዊነቱ የታለ?» የሚል ጥያቄ ተነሣበት። ጥያቄው ለአፈወርቅ ከቀረበው ይከብዳል፤ መለኪያ የለውማ። ገብረ ክርስቶስ በተጠየቀ ቁጥር ለአሣሣሉ ተከራከረ፤ ለሲድኒ ሄድ የሰጠው ቃለ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1969 በአፍሪካን አርትስ መጽሔት ወጥቷል። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ሌሎችን አስተማረ። ጥያቄ በተነሣበት በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሸለመ። ሽልማት ክርክር ይዘጋል ብሎ ያሰበ ተሳስቷል፤ ጥያቄው እሱ በስደት ኦክላሆማ ውስጥ ከሞተ በኋላም አልተዘጋም።

ስለ ደርግ ዘመን ብዙ ማለት አልፈልግም። ሂስና ግለ ሂስ የስብሰባ አጀንዳ ሆነ፤ ሰው ራሱን የሚወቅሰው ስለገባው ሳይሆን ስለፈራ ነበር። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ሰውዬው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

የሁለቱ ነጋድራሶች ሥራ በዩኒቨርሲቲው ሰዎች እጅ እንደገና የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። ጦቢያን የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1950ዎቹ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደርን ተንከር ቦንገር ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1995 ሎንዶን ላይ አሳተሙት። ባሕሩ ዘውዴም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት የለውጥ ፈር ቀዳጆች ጥናት ውስጥ አፈወርቅንና ገብረ ሕይወትን ጎን ለጎን አቆሟቸው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ገብረ ሕይወትን ከዘመናቸው የቀደሙ የልማት አሳቢ ብለው አደነቁ፤ ሙገሳው ሲበዛ ደግሞ ሌላ ተቺ መምጣቱ አልቀረም። አሜሪካ ዴይተን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፈላስፋው መሳይ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ገብረ ሕይወትን ራሳቸውን በሚዛን ላይ አስቀመጡ። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፦ ኢትዮጵያ ኋላ ቀር ናት ብለው የፈረዱት በማን ሚዛን ነው? አውሮፓን የዓለም መካከል አድርገው አገራቸውን ዳር ላይ ያስቀመጡት ራሳቸው አይደሉም ወይ? ገብረ ሕይወት አፈወርቅን አድልተዋል ብለው እንደ ተቹ መሳይም ገብረ ሕይወትን አድልተዋል ብለው ተቹ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ያንኑ ሁለተኛውን መለኪያ ይዘው።